ከድሬ መጥታችሁ አሜሪካ ውስጥ የሚከራይ ቤት ለመግዛት ለምታስቡ

ድሬ ላይ ቤት የሚሠራው ገንዘብ በተገኘ ቁጥር ነው። ዘንድሮ መሠረት ይወጣል፣ ለከርሞ ግድግዳ ይቆማል፣ ዕቁብ ሲደርስ ቆርቆሮ ይለብሳል። ሰርቪሱ ቀድሞ ይከራይና ዋናውን ቤት ያስጨርሳል። አሜሪካ ውስጥ ግን ነገሩ ከብድር ይጀምራል፤ አበዳሪው ደግሞ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ በወረቀት ማየት ይፈልጋል።

ዕቁብ ብዙ ሰው የሚያሰናክለው እዚህ ላይ ነው። አበዳሪው የመጨረሻዎቹን 2 ወራት የባንክ መግለጫ ይጠይቃል። ከደመወዛችሁ ጋር የማይሄድ ትልቅ ገቢ ካየ ማስረጃ አምጡ ይላል፤ በእጅ የተቀበላችሁት ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ማስረጃ የለውም። ስለዚህ ዕቁባችሁን በባንክ ክፈሉ፣ በባንክ ተቀበሉ፤ ገንዘቡንም ብድር ከመጠየቃችሁ ከ3 ወር በፊት ሒሳባችሁ ውስጥ አስቀምጡት።

ለጀማሪ የምንመክረው መጀመሪያ ራሱ የሚኖርበትን ቤት እንዲገዛ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ዋስትና በሚሰጠው በኤፍኤችኤ ብድር የክሬዲት ነጥባችሁ (ብድር አከፋፈላችሁን የሚያሳየው ቁጥር) 580 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቅድሚያ ክፍያው 3.5 በመቶ ነው። በ60 ቀን ውስጥ ገብታችሁ ቢያንስ 1 ዓመት መኖር አለባችሁ፤ ከዚያ በኋላ ማከራየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ብድሩ ዜግነት ወይም ቋሚ ነዋሪነት ይጠይቃል። ጥገና የሚፈልግ ቤት ከሆነ 203ኬ የሚባለው ዓይነት መግዣውንና መጠገኛውን በአንድ ላይ ያበድራል። ከጅምሩ ለኪራይ ብላችሁ የምትገዙት ቤት ግን በመደበኛው ብድር ቢያንስ 15 በመቶ ያስከፍላል፣ ወለዱም ከፍ ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያውን በዘመድ ስጦታ መሸፈንም አይቻልም። ይህን ለማምለጥ «እኖርበታለሁ» ብሎ ፈርሞ ወዲያው ማከራየት ወንጀል ነው፤ እባካችሁ ማንም አይምከራችሁ። ወለድ ለማይነካ ሙስሊም ቤቱን አብረው ገዝተው ድርሻቸውን ቀስ በቀስ የሚሸጡ ተቋማት አሉ።

ጥገናው ላይ የአገር ቤት ልምድ ያሳስታል። የብሎኬት ግድግዳ ውሃ ቢነካው ይደርቃል። አሜሪካ ያለው ቤት ግን አብዛኛው የእንጨት አጥንት ላይ ጂብሰም ቦርድ የለበሰ ነው፤ ውሃ ከገባበት ውስጥ ውስጡን ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። ጀማሪ ገንዘቡን ኩሽናና ቀለም ላይ ይጨርስና በመጀመሪያው ክረምት ጣራው ያፈስበታል። ቅድሚያ ለውሃ ስጡ፦ ጣራ፣ አሸንዳ፣ የግቢው አፈር፣ ቧንቧ፤ ቀለም መጨረሻ ነው።

የድሬው ደቻቱ ወንዝ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከደጋ በመጣ ጎርፍ እንደሚሞላ የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም፤ ኮርኒስ ላይ ያለ ቡናማ የውሃ ምልክት ምንጩ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ቀለም አትቀቡበት። ጣራው ላይ በጭስ ማውጫውና በቧንቧ መውጫዎቹ ዙሪያ ያለውን መሸፈኛ ቆርቆሮ አስፈትሹ። ምድር ቤቱ ከረጠበ አሸንዳውን አጽዱ፣ የውሃ መውረጃውን ከግድግዳው 2 ሜትር ያህል አርቁ፣ በመጀመሪያው 3 ሜትር አፈሩ 15 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ አድርጉ። በአካፋ የሚሠራ ርካሽ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ውድ የሆነውን የመሠረት ሥራ ያስቀራል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከተነቃነቀ ከሥሩ ያለው የሰም ቀለበት ለቆ ሊሆን ይችላል፤ ስትቀይሩት ወለሉ አለመበስበሱንም እዩ። የመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት መሳቢያም ከቤት ውጭ እንጂ ጣራ ሥር መተንፈስ የለበትም።

ድሬ የማታስተምረው ሌላው ነገር ብርድ ነው። በረዶ የሆነ ውሃ ይሰፋና ቧንቧ ይሰነጥቃል፤ ቤቱ ተከራይ እስኪገባ ባዶ ቢሆንም ማሞቂያውን ከ13 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አታውርዱ፣ የግቢውን የውሃ ጎማ ከቧንቧው ፍቱ።

እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። ራሳችሁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ብናኙ ሕፃናትን ይጎዳል። በሚከራይ ቤት ትንሽ የማይባል የግድግዳ ቀለም መነካካት ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ይጠይቃል። ስለ እርሳሱ የምታውቁትንም ለተከራዩ ከመፈራረማችሁ በፊት በጽሑፍ ትሰጣላችሁ።

ትርፍ ስታሰሉ ከኪራዩ 75 በመቶውን ብቻ ቁጠሩ፤ አበዳሪዎችም የሚያሰሉት እንዲሁ ነው። ቀሪው ለጥገናና ቤቱ ባዶ ለሚሆንበት ጊዜ ነው። «ለሐበሻ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ አታውጡ፤ እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የቤት ሕግ በትውልድ አገር መለየትን ይከለክላል። ከቤቱ ስትወጡም ኢንሹራንሱን ወደ አከራይ ኢንሹራንስ ቀይሩት፤ ትኖሩበታላችሁ ተብሎ የተዋዋለው ኢንሹራንስ ተከራይ ያለበት ቤት ቢቃጠል ካሳ ሊከለክላችሁ ይችላል።