የወርቅ ሳንቲም ከወርቁ በላይ ሲጠየቅበት

ከጅዳ የተመለሰች አንዲት እህት ባለፈው ወር ደሴ ፒያሳ ወዳለው ወርቅ ቤታችን መጣች። በነጭ ጨርቅ ቋጥራ የያዘችው ሶቨሪን የሚባለው የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም ነበር፤ ዓረቦቹ ጁነይህ የሚሉት። የሦስት ዓመት ድካሟ ከፊሉ እዚያ ጨርቅ ውስጥ ነው። የሸጠላት ሰው «1917 ብርቅ ዓመት ነው» ብሎ ከወርቁ ዋጋ ላይ ሲሶ ያህል ጨምሮ አስከፍሏታል። «እትዬ፣ እውነቱን ነው?» አለችኝ።

አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ። በሳንቲሙ ጀርባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ይገጥማል። ከፈረሱ እግር በታች መሬቱ፣ ከመሬቱ በታች ዓመቱ አለ። ልክ ከዓመቱ በላይ፣ መሬቱ ላይ፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ አንዲት የላቲን ፊደል ተቀርጻለች፤ «ፒ» ናት። ሳንቲሙ የተቀረጸው አውስትራሊያ ውስጥ ፐርዝ ነው ማለት ነው። የ1917 ብርቁ ሶቨሪን ለንደን የተቀረጸው፣ ምንም ፊደል የሌለበት ነው፤ እሱም በሐሰት በብዛት ተሠርቷል። የፐርዙ ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ሻጩ ዓመቱን አሳይቶ ፊደሏን ሳያሳይ ነው ገንዘቧን የወሰደው። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደሷ ከከፈለ በኋላ እንዳይጠይቀኝ ነው።

መጀመሪያ ወርቁን ብቻ አስሉ። ሶቨሪን 7.98 ግራም ይመዝናል፤ 22 ካራት ስለሆነ ውስጡ ያለው ንጹሕ ወርቅ 7.32 ግራም ነው። ለስሌት እንዲቀል የንጹሕ ወርቅ ግራም 20,000 ብር ነው እንበል። ወርቁ 146,400 ብር ያወጣል። 190,000 ብር ከተጠየቃችሁ 43,600 ብሩ ጭማሪ ነው፤ ወደ 30 በመቶ። በቃል የተነገራችሁን ዋጋ አትመኑ፤ ብሔራዊ ባንክ ወርቅ የሚገዛበትን ዋጋ በየካራቱ ያወጣል፣ እሱን አይታችሁ በዚያው ቀን ሁለት ወርቅ ቤት ጠይቁ። ስትጠይቁም «ስንት ትሸጡልኛላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ነገ ባመጣው ስንት ትገዙኛላችሁ?» በሉ። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት የምትከስሩት ገንዘብ ነው። ሀብል ስትገዙ የእጅ ዋጋ ትከፍላላችሁ፣ ስትሸጡ ግን አይመለስላችሁም፤ የሳንቲም ጭማሪም እዚህ ከተማ ውስጥ ዕጣው ይኸው ነው።

እውነተኛነቱን በውሃ መፈተን ይቻላል። የግራም መቶኛ የሚለይ ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ ላይ መልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ የብርጭቆውን ግርጌም ጎንም ሳያስነኩ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ለሶቨሪን ሚዛኑ 0.45 ግራም ገደማ ይጽፋል። 7.98ን ለዚያ ቁጥር ስታካፍሉ ወደ 17.7 ይመጣል፤ የ22 ካራት ወርቅ እፍጋት፣ ማለትም ከሚይዘው ቦታ አንጻር ያለው ክብደት፣ በዚያ አካባቢ ነው። እርሳስ 11.3 ነው፣ ናስ ደግሞ ከ9 በታች። ለ24 ካራት ቁራጭ ግን ይህ ፈተና ብቻውን አይበቃም፤ ተንግስተን የሚባለው ብረት ከንጹሕ ወርቅ ጋር የሚቀራረብ እፍጋት አለው። መፈተሻ ድንጋይ ላይ ልፋቀው የሚላችሁን እምቢ በሉት። ለቀለበት እኔም አደርገዋለሁ፤ ብርቅ ሳንቲም ሰብሳቢ የሚፈልገው ሳንቲም ላይ ግን አንድ ጭረት ጭማሪውን ይዞት ይሄዳል። በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና ማሸትም እንዲሁ ነው።

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። አያቶቻችን አንገት ላይ ያለው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሁሉ 1780 ይላል፤ ከዚያ ዓመት በኋላ ሲቀረጽ የኖረው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነውና። የ1911 የለንደን ሶቨሪንም ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፣ ግን ወደ 30 ሚሊዮን ገደማ ተቀርጿል። ሥራ ስጀምር ያንን ሳንቲም «የጥንት ነው» ተብዬ በጭማሪ ገዝቼው ነበር። ስሸጠው ገዢው ዓመቱን እንኳ ሳያይ ሚዛን ላይ ጣለው።

ጭማሪ የሚገባው ሳንቲም የለም አልልም። በ1958 ዓ.ም. የወጡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የወርቅ ሳንቲሞች፣ ከ4 ግራሙ ባለ 10 ብር እስከ 80 ግራሙ ባለ 200 ብር፣ ከሺህ 900 እጅ ወርቅ ናቸው፤ ፊታቸው ሳይጫር ከተቀመጡ ፈላጊ ሰብሳቢ አላቸው። የምኒልክ ዘመን የወርቅ ሳንቲም ያላችሁ ደግሞ ከሸጣችሁ አይተካምና ቸኩላችሁ አታቅልጡት፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት እንደማይቻልም አስታውሱ። ለእነዚህ ጭማሪ ከመክፈላችሁ በፊት ግን የሚገዛችሁ ሰብሳቢ ማን እንደሆነ በስም እወቁ። «አዲስ አበባ አይጠፋም» የሚለው መልስ ለእኔ ገዢ የለም ማለት ነው። የማውቀው ሰብሳቢ ከሌለ ለተራ ሶቨሪን ከ5 በመቶ በላይ አልጨምርም፤ ለቁጠባ ከሆነ የእጅ ዋጋው ያነሰ ቀላል ቀለበት እመርጣለሁ።

ልጅቱ ስሌቱን ወረቀት ላይ ስሠራላት ዝም ብላ ተከተለችኝ። ከዚያ ለእናቷ አንገት ማንጠልጠያ እንድበይድበት ጠየቀችኝ። የሚጠፋ የሰብሳቢ ጭማሪ ባይኖረውም ጠርዙን ማቃጠል አልፈለግሁም። ሳይበየድ ዙሪያውን የሚይዝ ክፈፍ ሠራሁለት፤ እናትዬው በፈለጉ ቀን አውጥተው 7.98 ግራሙን እንዳለ ይመዝኑታል።