የአርኒስን ዘር መቁጠር፦ ሐዋሳ ላይ በትር ለምትጀምሩ

ሐዋሳ ውስጥ ቴኳንዶ መማር የፈለገ ሰው ሰፈሩን ጠይቆ ያገኛል። አርኒስ የሚባለውን የፊሊፒንስ የበትር ውጊያ መማር የፈለገ ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ስልኩ ነው። ቪዲዮ ያያል፣ ዱላ ያስቆርጣል፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እኔንም ብዙዎቹ ያገኙኝ እዚያው ሐይቁ ዳር ነው። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ነገ ለሚመጡት ነው።

ዱላ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ሥራ አለባችሁ። የምታዩት አስተማሪ ከማን እንደተማረ እወቁ። እሱን ያስተማረውስ ከማን ተማረ? እዚህ አገር ሰው ሊጋባ ሲል እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ እናንተም እንደዚያው ቁጠሩ። ሦስት ወይም አራት ቤት ከደረሳችሁ ይበቃል።

ይህን ለወግ ብዬ አይደለም። በዚህ ጥበብ ውስጥ ርቀትን የሚወስነው ዘር ነው። ከተጋጣሚ ምን ያህል ርቃችሁ እንደምትቆሙ፣ ግራ እጃችሁ ምን እንደሚሠራ፣ እግራችሁ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉ ከዚያ ይመጣል። አብሮን የሚሠራ አንድ ብርቱ ወጣት አለ። እጁ ፈጣን ነው። አመታቱን የወሰደው ከረጅም ርቀት ቤት ነው (ቤት የምለው አንድን የውጊያ ስልት ከነአስተማሪዎቹ ነው)፤ አረማመዱን ደግሞ ከቅርብ ርቀት ቤት። ስለዚህ ሰተት ብሎ ይገባና ግራ እጁ ደረቱ ላይ እንደተለጠፈ ይቀራል። የተጋጣሚው በትር ሲመለስ የሚይዝለት እጅ የለም፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ያርፋል። ልጁ ችሎታ አላጣም። ሁለት ቤት በአንድ ጊዜ ገብቶ ነው።

ስሙ አያደናግራችሁ። አርኒስ፣ ኤስክሪማ፣ ካሊ ሲባል ትሰማላችሁ፤ ሁሉም አንድ ሰፊ ቤተሰብ ናቸው። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2009 በሪፐብሊክ አዋጅ ቁጥር 9850 አርኒስን የአገሪቱ ብሔራዊ የማርሻል አርትና የስፖርት ዓይነት አድርጋዋለች። ሴቡ ደሴት ላይ ኤስክሪማ ማለት ይቀናቸዋል። አሜሪካ ያሉት ካሊ ማለት ይወዳሉ። የትኛውም ስም ግን ዘሩን አይነግራችሁም። ዘሩን የሚነግራችሁ የሰው ስም ነው።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። ከላይ «ሴቡ» ብላችሁ ጻፉ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1920 (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ላባንጎን የሚባል ክለብ ተቋቋመ፤ በኋላ ፈረሰ። በ1932 የሳቬድራና የካኜቴ ቤተሰቦች ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሆነው ዶሴ ፓሬስን መሠረቱ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኤውሎሂዮ ካኜቴ ነበር። ዶሴ ፓሬስ ገና ከጅምሩ የብዙ ሰው እጅ ያለበት ቤት ነው፤ ረጅምም አጭርም ርቀት፣ አንድ በትርም ሁለት በትርም፣ በትርና ጩቤም አለው። ከካኜቴ ወንድሞች ትንሹ ካኮይ ካኜቴ (ከ1919 እስከ 2016) ጁዶና ጁጂትሱ ጨምሮ ኤስክሪዶ የሚባለውን አወጣ። በትሩ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ ሰው ሲጥል ካያችሁ ወደ ካኮይ መስመር አስምሩ።

ከዶሴ ፓሬስ ወደ ቀኝ ሌላ መስመር አውጡና «1952» ብላችሁ ጻፉበት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የምወደው ቅርንጫፍ ይሄ ነው። ቬናንሲዮ ባኮን ከዶሴ ፓሬስ ሰዎች አንዱ ነበር። ወጣና የራሱን ክለብ አቋቋመ። የሚለማመዱት ሴቡ ከተማ ባሊንታዋክ ጎዳና ላይ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ሱቅ ጀርባ ባለ ጓሮ ነበር፤ ክለቡም በጎዳናው ስም ተጠራ። ባኮን ብዙውን ነገር ትቶ አንዱን ያዘ። አንድ በትር፣ ቅርብ ርቀት፣ የማያርፍ ግራ እጅ። የሁለቱ ክለቦች ሰዎች ለዓመታት ሲፈታተኑ ኖረዋል፤ የባሊንታዋክ ጥድፊያና ጥንቃቄ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ባሊንታዋክ ሲሠራ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሁለት ሰው ክንድ ለክንድ ሊነካካ በሚችል ርቀት ይቆማል። አስተማሪው ይመታል፣ ተማሪው በበትሩ ይቀበላል፤ ወዲያው ግራ እጁ የአስተማሪውን በትር ወይም አንጓ ይዳስሳል። አይጨብጥም። ዳስሶ ይለቃል፣ ወደ ጎን ገፋ ያደርጋል፣ ወይም ለአንድ አፍታ ያቆየዋል። በዚያች አፍታ ውስጥ መልሶ ይመታል። አስተማሪው ደግሞ እያወቀ ክፍተት ያሳያል፣ ይፈጥናል፣ ይቀዘቅዛል፣ ተማሪውን ይመራዋል። ይህ የመምራት ልምምድ አጋክ ይባላል። ባኮን ራሱ ያለ ቅደም ተከተል ነበር የሚያስተምረው ይባላል። በኋላ ሆሴ ቪላሲንና ቴዎፊሎ ቬሌስ ትምህርቱን በምድብ በምድብ ከፋፈሉት። ስለዚህ አንድ የባሊንታዋክ ቪዲዮ «ምድብ አንድ፣ ምድብ ሁለት» እያለ ከሄደ የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ነው። ምድብ ከሌለው በሌላ ተማሪ በኩል የመጣ ነው፤ ያም ባሊንታዋክ ነው።

ከባሊንታዋክ ሥር ሬሚ ፕሬሳስን ጻፉ (ከ1936 እስከ 2001)። የኔግሮስ ደሴት ልጅ ነው። ሴቡ መጥቶ ከባኮንና ከባኮን ተማሪ ከቲሞቴዮ ማራንጋ ተማረ፤ ሌላም ሌላም ጨምሮ ሞደርን አርኒስን አዘጋጀ። በድሮው ልማድ ልምምዱ የሚነጣጠረው እጅ ላይ ነበር፤ ጣት ይሰበር ነበር፣ ተማሪም ይሸሽ ነበር። ፕሬሳስ ለትምህርት ቤት እንዲሆን ብሎ በትር በትርን እንዲመታ አደረገ። በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደና በየከተማው አስተማረ። ወንድሙ ኤርኔስቶ ደግሞ ኮምባታን የሚባለውን መሠረተ፤ ከወንድሙ ጎን አስቀምጡት።

ሌሎቹ ከሴቡ ክለቦች ጋር አይገናኙም፤ ራቅ አድርጋችሁ ጻፏቸው። ፔኪቲ ቲርሲያ የቶርታል ቤተሰብ ነው፤ ለዓለም ያወጣው የኮንራዶ ቶርታል የልጅ ልጅ ሊዮ ጋሄ ነው። ሐሳቡ ሁሉ ስለት ነው፣ እግሩም በሦስት ማዕዘን ይሄዳል። ካሊስ ኢሉስትሪሲሞ የአንቶኒዮ ኢሉስትሪሲሞ ነው፤ እሱም የሰይፍ ቤት ነው። ሴራዳ ደግሞ የአንኼል ካባሌስ ነው፤ በ1966 ካሊፎርኒያ ስቶክተን ውስጥ ለሁሉም ክፍት የሆነ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በትሩም ከሌሎቹ አጠር ይላል። በመጨረሻም ስቶክተን የተወለደውን ዳን ኢኖሳንቶን ጻፉ። የብሩስ ሊ ጓደኛና ተማሪ የነበረው ሰው ነው። ከካባሌስም ከሌሎች አዛውንቶችም ተምሮ አንድ ላይ አዋህዷል፤ ስለዚህ ወደ እሱ ብዙ መስመር ይገባል። «ካሊ» ብላችሁ ስትፈልጉ ከሚመጡላችሁ የአሜሪካ ቪዲዮዎች ብዙዎቹ ሲቆጠሩ እሱ ጋ ይደርሳሉ።

አንዳንዱ አስተማሪ ዘሩን እስከ ላፑ ላፑ፣ እስከ ጥንቱ የማክታን ደሴት አለቃ፣ ሊያደርስ ይሞክራል። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ማጄላን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1521 ማክታን ላይ ከላፑ ላፑ ሰዎች ጋር ሲዋጋ መገደሉ እውነት ነው። ከዚያ ቀን እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ክለቦች ድረስ ግን በስም የተያያዘ የአስተማሪና የተማሪ ሰንሰለት የለም። ታሪኩን አክብሩት፤ በወረቀታችሁ ላይ ግን መስመር አታስምሩበት።

አስተማሪው ዘሩን ካልተናገረ ቪዲዮውን ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። መጀመሪያ ግራ እጁን ተከታተሉ። ሳያርፍ የተጋጣሚውን እጅ የሚያሳድድ ከሆነ ወደ ባሊንታዋክ ወይም ወደ ሴራዳ ነው። ደረቱ ላይ ተቀምጦ በትሩ ብቻ ከሩቅ የተጋጣሚን እጅ የሚመታ ከሆነ ረጅም ርቀት ነው፣ ላርጎ ይሉታል። ቀጥሎ እግሩን እዩ። እየወጣና እየገባ በሰያፍ የሚረግጥ ሰው ስለት እያሰበ ነው። ቆሞ ክብደቱን ከእግር እግር ብቻ የሚያዘዋውር ሰው ተጠግቶ መቆየት የሚፈልግ ነው። ከዚያ በትሩን እዩ፤ ከእጁ በታች አንድ መዳፍ ያህል የተረፈውን ጫፍ፣ ፑኞ የሚሉትን፣ ለመምታትና ለመጥለፍ ይጠቀምበታል? ከተጠቀመበት ኮርቶ ውስጥ ነው፣ በጣም ቅርብ። ሁለት ሰው ሁለት ሁለት በትር ይዘው እንደ ሙዚቃ በምት የሚያጋጩት ሲናዋሊ ነው። እሱ ብዙ ቤት ውስጥ ስላለ በእሱ ብቻ ዘር አትቁጠሩ።

የትኛውን ልጀምር ለምትሉኝ መልሴ ሞደርን አርኒስ ነው። የተዘጋጀው ለጀማሪና ለክፍል ነው፣ ጣትም ያተርፋል። 12 ምቶች አሉት፦ ሁለት ወደ ጆሮ ግንድ፣ ሁለት ወደ ትከሻ፣ አንድ በጫፍ መውጋት ወደ ሆድ፣ ሁለት በጫፍ መውጋት ወደ ደረት፣ ሁለት ወደ ጉልበት፣ ሁለት ወደ ዓይን፣ የመጨረሻው አናት ላይ። እነዚህን ስድስት ወር ያህል ሥሩ። ያኔ ወደ ባሊንታዋክ ብትሻገሩ አገር አይለወጥባችሁም፤ ፕሬሳስ ራሱ ከዚያ ነው የመጣው። ወደ ፔኪቲ መሄድ የፈለገ ግን እግሩን እንደ አዲስ ይጀምር። መሬት ላይ በጠመኔ ሦስት ማዕዘን ይሥልና ያለ በትር ይርገጥበት።

በትሩን በተመለከተ፣ እነሱ የሚጠቀሙት ራታን ነው። ራታን ሐረግ ነው፣ ውስጡ ድፍን ነው፣ ሲያረጅም እንደ መጥረጊያ ይበተናል እንጂ አይሰነጠቅም። እኛ ጋ የለም። ከሀገረ ሰላም በኩል የሚመጣው የደጋ ቀርከሃ በቀላሉ ይገኛል፤ ግን ውስጡ ክፍት ነው፣ ሲሰነጠቅ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ከሰው ጋር ለመሥራት አትጠቀሙበት። የቆላው ቀርከሃ፣ ከቤኒሻንጉል በኩል የሚመጣው፣ ድፍን ስለሆነ ለራታን ይቀርባል። ካገኛችሁ 71 ሴንቲ ሜትር ላይ አስቆርጡት፤ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ አንጓውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ጫፍና ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሉት። ወይራ ለብቻ ልምምድ ግሩም ነው፤ ክብደቱ አንጓ ያጠነክራል። የሰው ራስ አጠገብ ግን አይምጣ።

ከልምምድ በፊት ሁልጊዜ አሮጌ ጨርቅ በበትሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቡበት። ጨርቁ ክር ካወጣ የተሰነጠቀ ቦታ አለ። ያ በትር ለዚያ ቀን አበቃለት፤ አሽጉትና ናስትሮ ጨምሩበት፣ በጣም ከተሰነጠቀም ጣሉት። ዓይናችሁን በግራይንደር መነጽር ሸፍኑ። እሑድ ሐይቁ ዳር ሰው ስለሚበዛ ወደ ታቦር ተራራ ግርጌ ብትሄዱ ይሻላል፤ በትራችሁን በቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥበቃ ካለም ሰላም ብላችሁ ምን እንደምትሠሩ ንገሩት።

በስልክ የሚያስተምር ሰው ካገኛችሁና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ላኩለት። ከማን ተማርክ? የት ከተማ፣ ስንት ዓመት? አስተማሪህስ ከማን ተማረ? መልሱን ከሠራችሁት ወረቀት ጋር አስተያዩት። ጥሩ አስተማሪ በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል፣ የአስተማሪውን ስም በሙሉ ይጽፍላችኋል፣ አንዳንዴም ያረጀ ፎቶ ይልክላችኋል። የማዕረግ ስም ብቻ ደርድሮ የሰው ስም የማይጠራውን እለፉት።