በነሐሴ ቡድናችን ላይ አንፍረድ፦ ደጋፊዎች በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ የሚሠሯቸው ስህተቶች

በደብረ ብርሃን ከተማ የእግር ኳስ ጨዋታ የሚታይበት ቤት ከፍቼ መሥራት ከጀመርሁ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ሲጀመር የእኛ ክረምት ገና አልወጣም፤ ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብ የተንታኙን ድምፅ ይውጠዋል፣ ሲበረታም ምስሉ ይቆራረጣል፣ ጋቢና ካፖርት የደረቡ ደጋፊዎች ለሙቀት ሲሉ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። በዚህ ሁኔታ የሚያዩት ሁለት ወይም ሦስት ጨዋታ ነው። ሆኖም ጳጉሜን ሳትገባ ስለ ሙሉው ዓመት ብይን ሰጥተው ያበቃሉ፤ አንዱ «ዘንድሮ አለቀልን» ይላል፣ ሌላው ዋንጫውን አስቀድሞ ለቡድኑ ያድላል። ይህን በየዓመቱ ስለምሰማ፣ በተለይ ኳስን ገና መከታተል ለጀመሩ ወጣቶች ይጠቅማል ብዬ ያሰብሁትን ለመጻፍ ወሰንሁ።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት የደረጃ ሰንጠረዡን ከሦስት ጨዋታ በኋላ እንደ ፍርድ ወረቀት ማንበብ ነው። በሊጉ 20 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱ ከ19ኙ ጋር ደርሶ መልስ ስለሚገናኝ 38 ጨዋታ ያደርጋል። በዓመቱ ሊሰበሰብ የሚችለው 114 ነጥብ ሲሆን በሦስት ጨዋታ የሚገኘው ቢበዛ 9 ነው። ከዚህም በላይ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ለሁሉም እኩል አይደሉም፤ አንዱ ቡድን ከሊጉ ደካሞች ጋር ሲጀምር ሌላው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት የዋንጫ ባለቤቶችን ሊገጥም ይችላል። በዓመቱ መጨረሻ ሁሉም ከሁሉም ጋር ስለሚጫወት ሚዛኑ ይስተካከላል፤ በነሐሴ ግን ሰንጠረዡ ከቡድኑ አቅም ይልቅ የዕጣውን ቅደም ተከተል ነው የሚያሳየው። የዝውውር መስኮቱም በአብዛኛው እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ክፍት ስለሚቆይ፣ እነዚያን ጨዋታዎች የሚያደርገው ቡድንና ዓመቱን የሚጨርሰው ቡድን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ይህን የተማርሁት በራሴ ቡድን ነው። እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ 7 አርሰናል ከ74 ዓመት በኋላ ወደ ከፍተኛው ሊግ በተመለሰው ብሬንትፎርድ 2 ለ 0 ተሸነፈ። የፍልሰታ ጾም በተፈታበት በነሐሴ 16 ደግሞ የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረው ቼልሲ በአርሰናል ሜዳ 2 ለ 0 አሸነፈው። ነሐሴ 22 ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል የሊጉ ባለቤት ማንችስተር ሲቲ ከአርሰናል ጋር ጨዋታውን በሜዳው ጀመረ፤ የአርሰናሉ ግራኒት ዣካ በ35ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ፣ ውጤቱም 5 ለ 0 ሆኖ አለቀ። ሦስት ጨዋታ፣ አንድም ያላገባ፣ ዘጠኝ የገባበት፣ ከሰንጠረዡ ግርጌ 20ኛ። በዚያ ቀን ከወጣት ደንበኞቼ አንዱ ከጃኬቱ ሥር የለበሰውን ማልያ አውልቆ በጥንቃቄ አጠፈው፤ አግዳሚው ላይ አስቀምጦም «ጋሼ፣ ይኼን ለፈለገው ይስጡልኝ፤ እኔ በቃኝ» ብሎኝ በዝናቡ ወጣ። ማልያውን አንሥቼ ከገንዘብ መቀበያው ሥር ካለው መሳቢያ ከተትሁት።

ያ ልጅ ያላስተዋለው ነገር ነበር። ከሦስቱ ተጋጣሚዎች ሁለቱ በዚያ ወቅት በአውሮፓ ካሉት ጠንካራ ቡድኖች መካከል ነበሩ። ተከላካዩ ገብርኤል በጉዳት ምክንያት አልተሰለፈም፤ ቤን ኋይት ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ በሕመም ቀርቶ ነበር፤ ግብ ጠባቂው አሮን ራምስዴል ከመጣ ቀናት እንጂ ወራት አልሆነውም፤ ተከላካዩ ቶሚያሱ የፈረመው ገና ከሲቲው ጨዋታ በኋላ፣ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ነው። እነዚህ አራቱ ተሰልፈው የተጫወቱት መስከረም 1 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ፣ ከኖርዊች ጋር ነበር። ኦባሜያንግ በ66ኛው ደቂቃ አገባ፤ አርሰናልም 1 ለ 0 አሸነፈ። ዓመቱ ሲያልቅ ቡድኑ በ69 ነጥብ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ልጁም እንቁጣጣሽ ማምሻውን መጥቶ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ጨዋታውን ሲመለከት አየሁት፤ ሲያልቅ ምንም ሳልለው ማልያውን ከመሳቢያው አውጥቼ ሰጠሁት።

የሰንጠረዡን አሳሳችነት የሚያሳየው አርሰናል ብቻ አይደለም። ማንችስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ1992 የውድድር ዘመኑን ሲጀምር በሼፊልድ ዩናይትድ 2 ለ 1፣ ከዚያም በገዛ ሜዳው በኤቨርተን 3 ለ 0 ተሸንፎ ሦስተኛውን ከኢፕስዊች ጋር 1 ለ 1 ወጣ፤ በዚያው ዘመን ግን ለ26 ዓመት የራቀውን የሊግ ዋንጫ በ84 ነጥብ አነሣ። ቼልሲ እ.ኤ.አ. መስከረም 2016 በሊቨርፑልና በአርሰናል በተከታታይ ሲሸነፍ ብዙዎች ተስፋ ቆርጠውበት ነበር፤ አንቶኒዮ ኮንቴ የተከላካዩን መስመር ወደ ሦስት ለወጠና ቡድኑ 13 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በ93 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ።

ሁለተኛው ስህተት ከአራትና አምስት ጨዋታ በኋላ «አሰልጣኙ ይባረር» ማለት ነው። አሰልጣኝ አይነካ የምል ሰው አይደለሁም፤ አንዳንዱ አሰልጣኝ በእውነት ለቡድኑ አይመጥንም። ነገር ግን ይህን የሚጮኹ ሰዎች አዲሱ አሰልጣኝም ትዕግሥት እንደሚያስፈልገው ይዘነጉታል። ክሪስታል ፓላስ እ.ኤ.አ. በ2017 ፍራንክ ደ ቡርን ከአራት የሊግ ጨዋታ በኋላ አሰናበተ፤ ቡድኑ አራቱንም ተሸንፎ አንድ ጎል እንኳ አላገባም ነበር። በምትኩ የመጣው ሮይ ሆጅሰንም ቀጣዮቹን ሦስት የሊግ ጨዋታዎች ያለ ጎል ተሸነፈ። ሰባት ሽንፈት፣ ዜሮ ጎል። እንደ ደጋፊው ጩኸት ቢሆን ኖሮ ሆጅሰንም ይባረር ነበር፤ ክለቡ ግን ታገሠው፣ በስምንተኛው ጨዋታ ቼልሲን 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ዓመቱንም 11ኛ ሆኖ ጨረሰ። የአሌክስ ፈርጉሰን ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይረዝማል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ዩናይትድን ተረክበው የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኙት በ1990፣ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ደግሞ በ1993 ነው።

አዲስ ተጫዋችን በሁለት ጨዋታ መመዘንም ያው ነው። ቲየሪ ኦንሪ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1999 አርሰናል ሲገባ ለሳምንታት ጎል አላገባም፤ የመጀመሪያውን ያገባው መስከረም 18 በሳውዝሃምፕተን ላይ ተቀይሮ ገብቶ ነው። በኋላ ግን ለክለቡ በአጠቃላይ 228 ጎል ያስቆጠረ የምንጊዜም ቀዳሚ አግቢ ሆነ። አጥቂ አዲስ አገር፣ አዲስ ቋንቋና አዲስ የኳስ አቀባበል ሲገጥመው ጊዜ እንደሚወስድበት የሚያውቅ ደጋፊ በመጀመሪያው ወር ስም አያወጣለትም።

በክረምቱ የወዳጅነት ጨዋታ ውጤት ላይ ተመሥርቶ መከራከርም ሆነ ያለፈውን ዓመት ደረጃ ለዘንድሮ ማስረጃ ማድረግ አያስኬድም፤ በአገራችን ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ወስዷል።

ትዕግሥት ማጣት ሲባል ሰው የሚያስበው ተስፋ መቁረጥን ብቻ ነው። ፈጥኖ መደሰትም ያው ሕመም ነው፤ እኔ ራሴ የወደቅሁት በዚህኛው ነው። በ2015 ዓ.ም. ባለቀው የውድድር ዘመን አርሰናል በድል ጀምሮ በአብዛኛው ጊዜ ሊጉን ይመራ ነበር፤ ጥር ላይ ልቤ ሞልቶ ለዋንጫው ቀን ድግስ እናድርግ ብዬ ከደንበኞቼ ገንዘብ መሰብሰብ ጀመርሁ። ስማቸውንና ያዋጡትን በደብተር ጻፍሁ። ቡድኑ 248 ቀን ሊጉን መርቶ ሁለተኛ ወጣ፤ እኔም ደብተሩን ይዤ በግንቦት የእያንዳንዱን ሰው ገንዘብ በየቤቱ እየዞርሁ መለስሁ። ብዙዎቹ በትሕትና «ይቅር፣ ለሚመጣው ዓመት ይሁን» ብለውኝ ነበር፤ አልተቀበልኋቸውም፣ ምክንያቱም በእኔ ችኮላ የተነሣሣ ተስፋ ነበርና። ከዚህ የከፋ ነገር የደረሰበት ሃል ሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ሊጉ አድጎ ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች ስድስቱን አሸነፈ፣ አርሰናልንና ቶተንሃምን በሜዳቸው ረታ፣ 20 ነጥብም ሰበሰበ። ከቀሪዎቹ 29 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ከወራጅ ቀጠና የተረፈውም በአንድ ነጥብ ነበር።

ስለ ውርርድ ብዙ አልጽፍም። ቡድኑ ስለተሸነፈ በንዴት፣ ወይም ስላሸነፈ በሞቅታ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ላይ የቤት ኪራዩን ያስያዘ ሰው አውቃለሁ፤ በነሐሴ የቡድኖች አቋም ስላልታወቀ ያን ጊዜ መወራረድ ዓይንን ጨፍኖ ገደል ጫፍ እንደ መሄድ ነው።

ከባልንጀራ ጋር መጣላትም አለ። ጎረቤቶች በአንድ የነሐሴ ጨዋታ ምክንያት እስከ መስቀል ድረስ ሰላምታ ሲነፋፈጉ አይቻለሁ፤ አስታራቂ ሽማግሌ ሆኜ የተቀመጥሁበትም ጊዜ አለ፣ ከዚያ ወዲህ በቤቴ ውስጥ ስድብ ያነሣ ሰው የከፈለውን መልሼለት እንዲወጣ አደርጋለሁ።

የመጨረሻው ስህተት ትዕግሥትን ከዓይን መጨፈን ጋር ማምታታት ነው። ታገሡ ስል አትመልከቱ ማለቴ አይደለም፤ ከውጤቱ ውጭ የሆነውን ተመልከቱ ማለቴ ነው። አያቴ በጣርማበር ገበሬ ነበሩ። ነሐሴ ላይ ማሳቸውን የሚጎበኙት ስንት ኩንታል ገብስ እንደሚያገኙ ለመገመት አልነበረም፤ ውኃ የተኛበት ቦታ መኖሩን፣ አረሙ ቡቃያውን መዋጡን፣ ቅጠሉ መቅላቱን ለማየት ነበር። ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ሳይመታው ዛላው እስኪሞላ ድረስ ስለ ምርት ሲናገሩ አልሰማሁም። እኔም በነሐሴ የማየው እንዲህ ያለውን ነው፤ ቡድኑ ተሸንፎም ቢሆን ግልጽ የጎል ዕድል ይፈጥራል ወይ? ኳስ ሲነጠቅ ተጫዋቾቹ ለመመለስ ይሮጣሉ ወይስ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ይቆማሉ? ጎል የሚገባበት በአንድ ሰው ስህተት ነው ወይስ በየጨዋታው በአንድ በኩል ነው? አሰልጣኙ የሚፈልጋቸውን ተጫዋቾች ማሰለፍ ችሏል ወይስ ብዙዎቹ ጉዳት ላይ ናቸው?

ይህን ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ፤ በእያንዳንዱ ጨዋታ ዕለት አንድ ገጽ፣ ዕድሎቹን በጭረት፣ የጎሉን መግቢያ በቃል። ሊጉ አሥረኛው ጨዋታ ላይ የሚደርሰው በእኛ አቆጣጠር ወደ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ነው፤ ያኔ ቡድኑ ከጠንካራውም ከደካማውም ጋር ተጫውቷል፣ አዲሶቹ ተጫዋቾች ተላምደዋል፣ ዝውውሩም ከተዘጋ ቆይቷል። ደብተሬን ከፍቼ አሥሩን ገጽ አነባለሁ፤ ዕድል የሚፈጥርና የሚሮጥ ቡድን ከሆነ ሰንጠረዡ ላይ 12ኛ ቢሆን እንኳ አልሠጋም፤ ካልሆነ ግን፣ ሦስተኛም ቢሆን፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ፍርሃቴን ሳልደብቅ እነግረዋለሁ።