ከምሳ በኋላ ያለችው ሰዓት

እኔን ያስቸገረኝ ጫቱ ብቻ አልነበረም፤ በርጫው ላይ «እኔ ያልኩት ካልሆነ» ማለቴም ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን እግሬ ራሱ ወደ መርካቶ ይሄድ ነበር። አሁን በዚያ ሰዓት ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማዬ ላይ ቀጥ ብዬ ለተመስጦ እቀመጣለሁ።

ትንፋሽህን አፍንጫህ ጫፍ ላይ እየተከታተልክ ከ1 እስከ 10 ቁጠር፤ ከጠፋብህ ሳትናደድ ከ1 ጀምር። (እኔ የመጀመሪያው ቀን ከ4 አላለፍኩም።) ሐራራው ሲመጣ አትታገለው፤ «ሐራራ» ብለህ ስሙን ጥራና የቱ ጋ እንዳለ እይ። የኔ መንጋጋዬ ላይ ነው፤ ይጠነክራል፣ ቆይቶ ይላላል።

ትዕቢት ይብሳል። በቡድሃ ትምህርት «ማና» የሚባለው ሦስት መልክ አለው፦ እበልጣለሁ፣ እኩል ነኝ፣ አንሳለሁ። ሦስተኛው አስደነገጠኝ፤ ለካ ራስን ማሳነስም ያው «እኔ፣ እኔ» ነው። ጓደኛህ ሲሞግትህ አፍህን ከመክፈትህ በፊት ሦስት ትንፋሽ ጠብቅ። ትናንት ሁለቱን ጠበቅኩ፤ ሦስተኛው ላይ ጮህኩ።