ፋይሉ አለ፣ ግን አይገኝም፦ የጋራ ፋይሎች ችግርና መፍትሔ

አራት ኪሎ ከማተሚያ ቤቶች አጠገብ አምስት ሆነን መጽሔትና መጽሐፍ ለኅትመት እናዘጋጃለን። ፋይል ጠፋ ተብሎ ቢሮው ሲታመስ ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ቦታው ላይ ነው፤ ያስቸገረው አሰያየሙ ነው።

ፍለጋው «ምንም አልተገኘም» ሲል

አንድ ማለዳ ባልደረባችን «የሠራተኞች መመሪያ» ብላ ፈለገች፤ ኮምፒውተሩ ባዶ ገጽ ሰጣት። ደግማ ጻፈች፤ ያው ነው። ሰነዱን እንደ አዲስ መተየብ ጀምራ አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ነው፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ «የሰራተኞች መመሪያ» ተብሎ ተቀምጦ ያየሁት። በንጉሡ «ሠ» እና በእሳቱ «ሰ» መካከል ግማሽ ቀን ጠፋ።

ምክንያቱ፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም እያንዳንዳቸው የራሳቸው የዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ቁጥር ስላላቸው ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

መፍትሔው፦ ለጊዜው አሻሚ ፊደል የሌለበትን ቃል ብቻ ፈልጉ፤ «መመሪያ» ብቻውን ይበቃ ነበር። ለዘለቄታው ደግሞ የምታዘወትሯቸውን ሃያ ሠላሳ ቃላት አጻጻፍ በአንድ ገጽ ወስናችሁ፣ ስሙን በ«00» ጀምራችሁ ከፎልደሩ አናት ላይ አኑሩት። እኔ በበኩሌ የግዕዙን ሥርዓት የጠበቀ አጻጻፍ እወዳለሁ፤ ለፋይል ስም ግን ሁሉም አንድ ዓይነት መጻፋቸው ይበልጥብኛል። ለእያንዳንዱ ሥራ ቁጥርም ስጡ፤ 0147ን ሁለት ዓይነት አድርጎ የሚጽፍ የለም።

«በጀት 2017» የማን 2017 ነው?

የእኛ መስከረም 2017 በፈረንጆቹ 2024 ላይ ይውላል። ከውጭ ድርጅት የመጣ ሥራ በእነሱ አቆጣጠር እንደተሰየመ ከእኛው አጠገብ ሲቀመጥ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በአንድ ፎልደር ይደባለቃል። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑ የሒሳብ ሰነዶችን የባሰ ያወሳስባል። ወሩ በስሙ ከተጻፈ ደግሞ ፋይሎቹ በፊደል ተራ ስለሚደረደሩ ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል።

ስለዚህ ዓመት፣ ወር፣ ቀን እያላችሁ በአኃዝ ጻፉ፤ የካቲት 12 ቀን 2017 «2017-06-12» ይሆናል፣ ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ነው። በ«/» አትለዩት፤ ዊንዶውስ ይህን ምልክት በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም። የፈረንጆች ቀን ከሆነ ከፊቱ «እኤአ» ይግባበት።

«የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ»

ይህ የሚመጣው ፋይሉን በቴሌግራም ስትቀባበሉት ነው። ያወረደው ሰው ሁሉ የራሱን ቅጂ ያርማል፤ ማን የማንን እንዳረመ ሳይታወቅ አንዱ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። በቴሌግራም ፋይሉን ሳይሆን፣ በጋራው ጉግል ድራይቭ (የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ያለበትን ሊንክ ላኩ። «የመጨረሻ» የሚለውን ቃል ከፋይል ስም አስወጡና በ01፣ 02 ተኩት። «ለኅትመት የጸደቀ» የሚባል ፎልደር ክፈቱ፤ እዚያ የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

የድሮ ሰነድ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ከሆነ

ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው። ያንኑ ፎንት ጭናችሁ ክፈቱት፤ ወደ ዩኒኮድ ለውጡት፤ ዋናውን ግን አትደምስሱ።

ድራይቩ «ሞልቷል» ሲል

የጉግል ነፃ ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ጂሜይልና ፎቶዎችም ይጋሩታል። የፋይሉ ክብደት የሚቆጠረው በባለቤቱ ላይ ነው፤ የአንዱ ሠራተኛ የግል አካውንት የቢሮውን ሁሉ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ለቆ አካውንቱን ቢዘጋ በስሙ ያሉት ፋይሎች አብረው ይሄዳሉ። በቢሮው ስም አካውንት ክፈቱ፤ ሰውየው ከመሰናበቱ በፊት የፋይሎቹን ባለቤትነት ወደዚያ ያስተላልፍ። በስሕተት የተደመሰሰ ፋይል ካለ ዛሬውኑ መጣያውን እዩ፤ እዚያ የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው።