መሬት ሳይገዙ ተራራ ማስጠበቅ፦ በወሎ ማኅበር ለሚመሠርቱ

በሌሎች አገሮች አንዳንድ የተፈጥሮ ጥበቃ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ አሰባስበው መሬቱን ራሱን ይገዛሉ። በእኛ አገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ስለዚህ ወሎ ውስጥ ጋራ ለማስጠበቅ የሚነሣ ማኅበር አስቀድሞ የሚያስፈልገው የነዋሪው ስምምነት ነው።

ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ብዙ የወሎ ተራሮች በምግብ ለሥራ ተከልለው ዛፍ ለብሰው ነበር፤ ሆኖም ነዋሪው ደኑን የመንግሥት አድርጎ ስላየው በ1983 የመንግሥት ለውጥ ወቅት ብዙው ተቆረጠ። ይህ እንዳይደገም የቅሬ (የወሎ ዕድር) ዳኞችን፣ አባጋሮችን ማለትም ጠብ የሚያስታርቁ የአገር ሽማግሌዎችን፣ እንዲሁም ሴቶችን በአንድነት ሰብስቡና ከብት የማይገባበትን ወሰን፣ ሣር የሚታጨድበትን ቀንና የጥሰቱን ቅጣት ራሳቸው ይወስኑ፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ለቀበሌውና ለወረዳው ይቅረብ። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን ስለሚያውቅ ለማመልከቻችሁ መሠረት ይሆናችኋል።

ከሁሉ በላይ የሣሩ ክፍፍል ይታሰብበት። በአጨዳው ቀን ቦታው በዕጣ ይደለደላል፤ ባለ ዕጣው ማጭድና ገመድ ብቻ ይዞ ይገባል፣ አህያው ከወሰን ድንጋዩ ውጭ ታስሮ ይጠብቃል። «አህያዋ እንኳ ትግባ» የሚል ልመና መነሣቱ አይቀርም፤ ለአንድ ቀን ከተፈቀደ ግን በሬውም ይከተላል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ለጋሾችም ይህን ያያሉ። አዋጁ ገቢ የሚያስገኝ ሥራንም ስለሚፈቅድ፣ ለጋሹ ሲሄድ ጥበቃው እንዳይቋረጥ ከጥበቃ ሠራተኛው ደመወዝ ከፊሉ ከሣር ሽያጭ ቢሸፈን ይመረጣል።

ለትምህርት የሚውለው ገንዘብ የራሱ የበጀት መደብ ይኑረው እንጂ ከተረፈ የሚሰጥ አይሁን። ከላሊበላ አጠገብ በአቡነ ዮሴፍ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ብንወስድ፣ የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፍበት ከመንደር ውሾች ነው፤ ይህን በክፍል የተማረ ልጅ አባቱን ውሻ እንዲያስከትብ ይጎተጉታል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ገደማ ስለማይበልጡ ጉትጎታው ዋጋ አለው።

ባነርና ቲሸርት በጀቱን ቶሎ ይጨርሳሉ፤ እኔ ብሆን ገንዘቡን ለደብተር፣ ለሜትርና ወደ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ለሚደረግ ጉብኝት አውለዋለሁ። የትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ አባላት በክረምት የተተከለውን ወይራና ጽድ በጥቅምት አንድ ጊዜ፣ በጋውን ካሳለፈ በኋላ በግንቦት ሌላ ጊዜ ይቁጠሩ፤ የደረቀውም ሳይደበቅ ቁጥሩ እንዳለ ለለጋሹ በሚላከው ሪፖርት ይግባ።