ከሰሜን ሸዋ ሆነው ሬይድ ሲጫወቱ የክብደት ደረጃ እንዴት እንደሚመርጡ

ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ወይም ፋይናል ፋንታሲ 14 የሚባሉትን የኢንተርኔት ጌሞች የሚጫወት ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ከሥራ በኋላ ትንሽ ለመዝናናት የሚገባና ሳምንቱን ሙሉ ለሬይድ (ብዙ ተጫዋቾች ተባብረው ትልልቅ ጠላቶችን ለሚገጥሙበት ውጊያ) ሲዘጋጅ የሚሰነብት ተጫዋች እንዴት አንድ ጌም ይጋራሉ? ሠሪዎቹ የሰጡት መልስ ያንኑ ቦስ (የሬይዱን ትልቅ ጠላት) በተለያየ ክብደት ማቅረብ ነው። የትኛው ክብደት ለእርስዎ እንደሚሆን ግን ችሎታ ብቻውን አይወስነውም። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ለሚኖር ሰው መብራቱ፣ ኔትወርኩና ሰዓቱ ከችሎታ ይቀድማሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ምሽትዎን ይመዝኑ። በሳምንት ውስጥ ሦስት ሰዓት ሳይነሡ መቀመጥ የሚችሉባቸው ምሽቶች የትኞቹ ናቸው? የአውሮፓ ሰርቨር ላይ ከሆኑ ብዙ ቡድኖች የሚገቡት በፓሪስ ሰዓት 20:00 ላይ ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር በበጋቸው ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ 4 ሰዓት ይሆናል፤ እነሱ በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ እኛ አንቀይርም። በክረምታቸው ሦስት ሰዓት ከተጫወቱ የሚጨርሱት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ ለሚገባ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ለቅሶና ማኅበርም አለ። ጎረቤት አርፎ ሬይድ አለብኝ የሚል ሰው እኛ ዘንድ አይኖርም፣ መኖርም የለበትም፤ ይህንን ከጅምሩ በሒሳብ ያስገቡት።

ቀጥሎ መስመርዎን ይፈትሹ። ጌሙ ውስጥ የሚታየውን ፒንግ (መልእክት ሰርቨሩ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ) በሚጫወቱበት ሰዓት ለጥቂት ምሽቶች ይከታተሉ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ብቻውን አያሳስብም፤ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሆኖም ካልተዋዠቀ እጅ ይለምደዋል። የሚጎዳው ድንገት መዝለሉና መቋረጡ ነው። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ደግሞ ላፕቶፑን ከሥሩ አየር እንዲያገኝ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በዚያ ሙቀት ሦስት ሰዓት ሲሠራ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይዘገያል።

አሁን ደረጃዎቹን ይወቁ። ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ትልልቆቹ ሬይዶች 40 ሰው ይፈልጉ ነበር። በ2006 የመጣውን ናክስራማስ የተባለ ሬይድ እስከ መጨረሻው ያዩት እጅግ ጥቂቶች ስለነበሩ በ2008 ለ10 እና ለ25 ሰው ቀሎ ተመለሰ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ያን ያህል የተለፋበት ሥራ ሳይታይ መቅረት አልነበረበትም። በ2011 ሬይድ ፋይንደር መጣ፤ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ጌሙ ራሱ ያገናኝዎታል፣ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥርም ጉልበቱ በ5% ይጨመርለታል። ከ2014 ወዲህ ከሱ በላይ ኖርማል፣ ሂሮይክና ሚቲክ አሉ። ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ ኖርማልና ከባዱ ሳቬጅ ሁለቱም 8 ሰው ይጠይቃሉ፤ ታሪኩን ለማየት ኖርማሉ ይበቃል።

ትልቁ ልዩነት ያለው ሂሮይክና ሚቲክ መካከል ነው። ኖርማልና ሂሮይክ ከ10 እስከ 30 ሰው ይቀበላሉ፤ የቦሱ ጉልበትም በሰው ቁጥር ልክ ይስተካከላል። የአንዱ መብራት ቢሄድ የቀሩት በሚቀጥለው ሙከራ ያለ እሱ ይገባሉ። ሚቲክ ግን ለቁርጥ 20 ሰው ተሠርቷል። አንድ ሰው ሲጎድል 19 ሰው ተተኪ ሲፈልግ ይቀመጣል። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ መብራትዎ አስተማማኝ ካልሆነ እጅዎ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሂሮይክ ላይ ይቆዩ። ይህ የሌሎችን ምሽት ማክበር ነው እንጂ ከማንም ማነስ አይደለም። ሚቲክ የሚጫወተውም ኖርማል የሚጫወተውን የሚንቅበት ምክንያት የለውም።

ልምምዱን ጌሙ ራሱ ከሚያንቀሳቅሳቸው ገጸ ባሕርያት ጋር ይጀምሩ። ፋይናል ፋንታሲ ላይ ይህ ለታሪኩ ዋሻዎች (ለአነስተኛ ቡድን ለተሠሩ ውጊያዎች) አለ፤ ዋርክራፍት ላይም ከ2024 ጀምሮ ገብቷል። ኔትወርክ ቢቋረጥ የሚቀየም ሰው የለም። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊትም ነጻውን ይሞክሩ፦ ፋይናል ፋንታሲ እስከ ሌቨል 70፣ ዋርክራፍት እስከ 20 ያለ ክፍያ ያስጫውታሉ። ከዚያ በኋላ የዋርክራፍት ወርኃዊ ክፍያ 15 ዶላር ገደማ ነው፤ ከእኛ አገር ካርድ ማግኘት ራሱ ሥራ መሆኑን አይርሱ።

ሚና ሲመርጡ ጎጂ (ጠላትን የሚመታ) ይሁኑ። ታንክ (የቦሱን ምት የሚቀበል) ወይም ሂለር (ቡድኑን የሚፈውስ) ሆነው መስመርዎ ቢቋረጥ ቡድኑ በሙሉ ሊሞት ይችላል፤ ከብዙ ጎጂዎች አንዱ ሲጠፋ ግን ብዙ ጊዜ ትግሉ ይቀጥላል።

ጊልድ (ቋሚ የተጫዋቾች ቡድን) ከመግባትዎ በፊት በየትኞቹ ቀናት እንደሚገቡ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያበቁና ሰው ሲቀር ምን እንደሚያደርጉ ይጠይቁ። ከዚያ የራስዎን ሁኔታ ሳይደብቁ ይንገሯቸው፤ የሚኖሩበትን ከተማ፣ የመብራቱን ነገር፣ የማይገኙባቸውን በዓላት። ዝም ብለው ገብተው በሦስተኛው ሳምንት ከሚጠፉ በመጀመሪያው ቀን እምቢ ቢባሉ ይሻላል። በአንድ ጊልድ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ተጫዋች ካለ፣ አንዱን ምሽት ለሁሉም ሂሮይክ፣ ሌላውን ለፈለጉ ብቻ ሚቲክ ማድረግ ሁለቱንም ወገን ያስማማል።

የከበደዎትን ቦስ ደግሞ ጊዜ ይስጡት። በየሳምንቱ በጌሙ ውስጥ ያለው ዕቃዎ ይሻሻላል፤ ሠሪዎቹም ያቀልሉታል። በ2010 አይስክራውን ሲታደል በተባለው የዋርክራፍት ሬይድ ውስጥ ለተጫዋቾች የሚሰጠው ተጨማሪ ጉልበት ከ5% ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ 30% ደርሷል።

በመጨረሻ፣ ማሻሻያ ሲወጣ ከሬይዱ ምሽት በፊት ያውርዱት። ዲስኮርድንም (ተጫዋቾች የሚነጋገሩበትን መተግበሪያ) ስልክዎ ላይ ይጫኑና የሞባይል ዳታ ይኑርዎት፤ መብራት ሲሄድ ወዲያው «መብራት ጠፍቷል፣ አትጠብቁኝ» ብለው ይጻፉላቸው።